«ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ» ላሉት ጸሐፊ፦ ከሮማ የተላከ ምላሽ

የአክስቴ ልጅ በሐምሌ ወደ ሮማ ትመጣለች። መሥሪያ ቤቷ ለሁለት ቀን ስብሰባ ልኳት፣ እሷ ከዓመት ፈቃዷ አራት ቀን ጨምራ ከተማውን ልታይ አስባለች። እኔ እዚሁ 11 ዓመት ኖሬ ልቀበላት አልችልም፤ የምንከባከባቸው ሴትዮ በዚያ ሰሞን ወደ ባሕር ስለሚሄዱ አብሬያቸው መሆን አለብኝ። ስለዚህ ብቻዋን ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝና ከሥሩ «እትዬ፣ ትኬቱን ልመልሰው መሰለኝ» ብላ ጨመረችበት።

ጽሑፉ ብቻዋን አውሮፓ የምትሄድ ሴት ማወቅ ስላለባት ሰባት ነገር ነው። ጸሐፊው ለምሳሌ የያዙት ሮማን ሲሆን አንድ ጊዜ ለሳምንት ያህል እንደ መጡ ይናገራሉ። ሰባቱ ምክሮች ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አትደሪ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ፤ ቀለበት አጥልቂና ባል አለኝ በይ፤ የአገርሽን ልጅ ካገኘሽ ሳትፈሪ ተጠጊው፤ ፓስፖርትሽን ሆቴል ተዪ፤ የሚረጭ በርበሬ ያዢ፤ አንድ ነገር ከደረሰብሽ ደግሞ ቪዛሽ እንዳይበላሽ ዝም ብለሽ ወደ አገርሽ ተመለሺ። ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ግማሹ ምክር ከእናቴ አፍ የወጣ ነው የሚመስለው። ግን አንዳንዱ ስሕተት፣ አንዳንዱም አደገኛ ስለሆነ እንዳላየ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ተርሚኒ አካባቢ አትደሪ» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ተርሚኒ ግን አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከጣቢያው በአንዱ ጎን ቪያ ጆሊቲ አለ፤ ማታ ማታ እኔም አልወደውም፤ የሰከረ፣ ደጅ የሚያድር፣ ያለ ሥራ የቆመ ወንድ ይበዛበታል። በሌላው ጎን ቪያ ማርሳላን ተሻግረሽ ወደ ካስትሮ ፕሬቶርዮ ስትሄጂ ደግሞ ትናንሽ ሆቴሎች፣ ተማሪዎችና የእኛው ምግብ ቤቶች አሉ። ሜትሮ ኤ እና ሜትሮ ቢ የሚባሉት የከተማው የመሬት ውስጥ ባቡር መስመሮች የሚገናኙት ተርሚኒ ላይ ነው። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡርም በ32 ደቂቃ እዚያው ያወርድሻል። ሻንጣ እየጎተተች በምሽት የምትደርስ ሴት ከጣቢያው አምስት ደቂቃ እግር መንገድ ላይ ብታርፍ ነው የሚሻላት ወይስ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ከማታውቀው የከተማ ዳር? (በነገራችን ላይ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያ እልፍ ብሎ ቆሟል። ሐበሻይቱ ከዚህ አደባባይ ሽሺ ስትባል ሳልወድ በግድ ፈገግ አልኩ።)

የሚገርመው ጸሐፊው ተርሚኒን ሲኮንኑ ተርሚኒ ውስጥ በእርግጥ የሚያጋጥምሽን ነገር አልጠቀሱትም፤ እሱም ኪስ አውላቂ ነው። የሮማ ኪስ አውላቂ ጨለማ አይጠብቅም። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ ሲረጋገጥ ነው የሚሠራው፦ በሜትሮ ኤ፣ በተለይ ተርሚኒ፣ ስፓኛና ለቫቲካን የምትወርጂበት ኦታቪያኖ ላይ፤ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስም ውስጥ። ብዙ ጊዜ በደንብ የለበሱ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ በር ላይ ቆማ ታጨናንቅሻለች፣ ሌላዋ ክንዷ ላይ ባንጠለጠለችው ሻርፕ ሥር እጇን ትሰዳለች። የሜትሮው በር ሊዘጋ ሲል ዘለው ይወርዳሉ። አንቺ የቀጣዩ ጣቢያ ስትደርሺ ነው ቦርሳሽ መከፈቱን የምታይው። የትኬት ማሽኑ አጠገብ ደግሞ «ላግዝሽ» የሚል ሰው ይመጣል፤ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። የጀርባ ቦርሳሽን ወደ ደረትሽ አዙሪው፣ ስልክሽን በር አጠገብ ቆመሽ አታውጪ። መንገድ ላይ ስትሄጂም ቦርሳሽ በግድግዳው በኩል ይሁን እንጂ በመኪናው በኩል አይሁን፤ በስኩተር እያለፈ የሚነጥቅ አለ። የወርቅ መስቀልሽን ቤት ትተሽ ነይ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ቢያንስ ከልብስሽ ውስጥ ይግባ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ» የሚሉት ሁለተኛ ምክር በሮማ ሰማይ ሥር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በሰኔ መጨረሻ ጀምበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡45 ገደማ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 10፡40። ምክሩን ከሰማሽ በታኅሣሥ ሻይ ሰዓት ላይ ተከተቺ፣ በሰኔ ደግሞ እራትሽን በልተሽ ጄላቶሽን (አይስክሬምሽን) ልሰሽ ግቢ ማለት ነው። ሮማ ሰው የሚበዛባት ሲመሽ ነው። ሙቀቱ ሲበርድ አያቶች ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሕፃናት አደባባይ ላይ ኳስ ይመታሉ፣ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት የሚበላ የለም። ምሽት 4 ሰዓት ላይ ትራስቴቬሬ በሚባለው ሰፈር መሐል ያለች ሴት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጭር ባለ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ብቻዋን ከምትሄደው ይልቅ ሰው ከብቧታል። እኔ 11 ዓመት የተማርኩት ሰዓቱን ሳይሆን ጭርታውን መፍራት ነው። እንደ ኮሌ ኦፒዮ ያሉ መናፈሻዎች ከኮሎሲየሙ አጠገብ ስለሆኑ አቋራጭ ይመስላሉ፤ ሲመሽ አትግቢባቸው፣ ዞረሽ ሂጂ። የቴቬሬ ወንዝ ዳር ያለውንም የታችኛውን መንገድ እንደዚሁ።

ከሁሉ በላይ ከመውጣትሽ በፊት በምን እንደምትመለሺ እወቂ። ሜትሮው ከእሑድ እስከ ሐሙስ የመጨረሻው ባቡር በእኛ አቆጣጠር 5፡30 ላይ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 7፡30 ይሠራል። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉት ኖሮ «ግቢ» ማለት ባላስፈለጋቸው ነበር። ሜትሮው ከተዘጋ የሌሊት አውቶቡስ አለ፤ ማቆሚያው ላይ ኤን የሚለው ፊደልና የጉጉት ሥዕል ታያለሽ። እኛ አገር ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባል ስለነበር መጀመሪያ ሰሞን ከዚያ አውቶቡስ ለመሳፈር ልቤ አልፈቀደም፤ አሁን ግን ያቺን ጉጉት ሳይ እፎይ ነው የምለው። ስትገቢ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጪ። ታክሲ ከሆነ ደግሞ ነጭ፣ ጣሪያው ላይ ምልክት ያለው፣ በሩ ላይ የከተማው ዓርማ የተሣለበት ብቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ «ታክሲ? ታክሲ?» እያለ የሚከተልሽን ተይው፤ እውነተኛዎቹ ውጪ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ወደ መሐል ከተማም የተቆረጠ ዋጋ አላቸው።

ቀለበቱና «ባል አለኝ»። ውሸት ምን ይሠራል፣ እኔም ብዬ አውቃለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፤ «እምቢ» ስትይው ያልሰማ ወንድ የሌላ ወንድ ስም ሲጠራ ይሰማል። ይህ ራሱ የሚያናድድ ነገር ነው። ግን ጸሐፊው ምክሩን ሲቀጥሉ «ረዘም ያለ ልብስ ከለበሽ ማንም አይናገርሽም» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ወንድ መሆናቸው ገባኝ። ጥቁር ሴት ብቻዋን ጣቢያ አካባቢ ስትቆም የሚደርስባትን አንድም ሴት የነገረቻቸው አይመስለኝም። አንድ የጥር ምሽት አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ እጄ ላይ የሴትዮዬ መድኃኒት የያዘ የፋርማሲ ከረጢት። መኪና አጠገቤ ቀስ አለ፣ መስኮቱ ወረደ፣ ሰውየው «ኳንቶ?» አለኝ። ስንት ነው ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ በምን ልሸፈን? እዚህ አገር አንዳንድ ወንድ ዘንድ ጥቁር ሴትና መንገድ ዳር አንድ ላይ ሲታዩ ሌላ ትርጉም የላቸውም። የአክስቴ ልጅ ይህን ቀድማ ብታውቅ ይሻላታል፤ ሲደርስባት «ምን አድርጌ ነው? ምን ለብሼ ነው?» እያለች ራሷን አትመረምርም።

ሲደርስ ምን ታደርጊያለሽ? አትመልሺለት፣ አትቆጪው፣ መኪናው ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ ሂጂና ብርሃን ያለበት ቤት ግቢ። ፋርማሲ በአረንጓዴ መስቀሉ ከሩቅ ይታያል። ባርም ጥሩ ነው። እዚህ ባር ማለት እኛ እንደምናውቀው የመጠጥ ቤት እንዳይመስልሽ፤ ቡና ቤት ነው፣ ጧት ጧት መነኩሴዎች ሳይቀሩ ካፑቺኖ ይጠጡበታል። ባንኮኒው ጋ ቆመሽ አንድ ቡና አዝዢና እስኪሄድ ጠብቂ። ካልተወሽ ደግሞ «ባስታ!» (በቃ!) በይ፣ ጮክ ብለሽ፣ ሰው እንዲሰማ። ጣሊያኖች ጩኸት ሲሰሙ ዞረው የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

ረጅም ልብስ የሚያስፈልግሽ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም። ለዚህ ደግሞ ከእኛ ነጠላ የተሻለ የለም፤ በቦርሳ ጥግ ይታጠፋል።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ዋናው የጻፍኩበት ምክንያት ወደሆነው ልምጣ። «የአገርሽን ልጅ ካገኘሽ ሳትፈሪ ተጠጊው» ይላሉ። ይህን እንዴት እንደምለው ሳስብ ሁለት ቀን አሳልፌአለሁ፤ ወገኔን ማማት ይመስልብኛልና። እኔ ራሴ ሰው የሆንኩት በሐበሻ ሴቶች ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚህ በየጣሊያኑ ቤት እየሠሩ የኖሩ እናቶች አልጋቸውን አካፍለውኛል፣ ቋንቋ አስተምረውኛል፣ ሥራ ፈልገውልኛል። ነገር ግን ከእነሱው ጋር እየሄድኩ፣ ጣሊያንኛ ለማይችሉ እህቶች በሐኪም ቤትና በፖሊስ ጣቢያ አስተርጉሜያለሁ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ታሪክ ከጨለማ ጓዳና ጎዳና ዘሎ ስለወጣ ሰው ሆኖ አያውቅም። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምታውቀው ሰው ነው። የጣሊያን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ ኢስታት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ጥናት እዚህ አገር ከተፈጸመው አስገድዶ መድፈር 62.7 በመቶውን የፈጸመው አብሮ ያለ ወይም የቀድሞ የፍቅር ጓደኛ ወይም ባል ነው። እንግዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ጉንተላና መነካካት ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን ከባዱ በደል ከምታምኚው በኩል ይመጣል።

አንዷ እህት የነገረችኝን፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ከአገር ቤት ስትመጣ የሰውየውን ስልክ የሰጠቻት የገዛ ቤተሰቧ ናት። «የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ሆቴል ገንዘብ አታባክኚ» ብለው። ሶፋ አለኝ አለ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሶፋ የለም። ፓስፖርቷን «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ይዞባት ስለነበር መውጣት አልቻለችም። ጸሐፊው «ተጠጊው» የሚሏት እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው።

አብረሽ ቡና አትጠጪ እያልኩ አይደለም። የሐበሻ ሰው «ሐበሻ ነሽ?» ብሎ ሲያስቆምሽ አብዛኛው በናፍቆት ነው፤ ቁጭ ብለሽ ስለ አዲስ አበባ ብታወሪለት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ይውላል። ቡናው ግን ሰው ባለበት ቤት ይሁን። የምታድሪበት ክፍል በራስሽ ስም የተያዘ፣ ቁልፉ በእጅሽ ያለ ይሁን። ዩሮ ልመንዝርልሽ የሚል፣ ሥራ አለ የሚል፣ ዕቃ አድርሺልኝ የሚል ሰው በአማርኛ ስላለው ብቻ ጨዋ አይሆንም። ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም፤ ለአገር ልጅም፣ ለሰፈር ልጅም፣ ለዘመድም። ዘመድ ሲቀየም ደግሞ ይቀየም፤ እኔ ላይ በሉት።

ስለ ፓስፖርት ካነሳሁ፣ «ሆቴል ተዪው» የሚለው ለፈረንጅ ቱሪስት የተጻፈ ምክር ይመስለኛል። ሆቴል ስትገቢ ፓስፖርትሽን ተቀብለው ይመዘግባሉ፤ አትደንግጪ፣ የእንግዶቹን ስም ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። መዝግበው ግን ወዲያው ይመልሱልሽ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቅ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ማሳየት አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት እስከ እስር የሚያደርስ ጥፋት ነው። በተርሚኒ ደጃፍ ቢጫ ጸጉር ያላትን አልፈው እኔን ያስቆሙኝ ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶ ኮፒ ሳሳያቸው አንዱ በትህትና ሸኘኝ፣ ሌላው አንድ ሰዓት አቆመኝ። ስለዚህ ፓስፖርቱ ከልብስ ሥር፣ እናቶቻችን ብር በመቀነት እንደሚቋጥሩት፣ ሰውነትሽ ላይ ይሁን። ፎቶውን ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪ፤ ለአንዲት ዘመድም ላኪ። ከጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ወይም ካራቢኒየሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) ጣቢያ ሄደሽ አስመዝግቢና ወረቀቱን ያዢ፤ ያንን ይዘሽ ነው በቪያ አንድሬያ ቬዛልዮ ወዳለው ኤምባሲያችን የምትሄጂው።

በርበሬው ላይ ብዙ አልቆይም። ጣሊያን ውስጥ ከ16 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይፈቀዳል፤ ግን ጠርሙሱ ከ20 ሚሊ ሊትር ማለፍ የለበትም፣ ሌላም መመዘኛ አለው። አውሮፕላን ውስጥ ይዘሽ መግባት አትችይም። ከሮማ ወደ ለንደን የምታልፊ ከሆነ ደግሞ እዚያ በጦር መሣሪያ ሕግ የተከለከለ ነው። «አውሮፓ» አንድ አገር አለመሆኑን ጸሐፊው ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር።

የመጨረሻው ምክር ግን «ዝም ብለሽ ተመለሺ» የሚለው ነው። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ውኃ ጠጣሁ። ወንጀል ተፈጽሞብኛል ብላ ስላመለከተች ሴት ቪዛዋ የሚሰረዝበት ሕግ የለም። 112 በመላው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው፣ ነፃ ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች ብቻ የተከፈተ 1522 የሚባል መስመር አለ፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ጭምር ይመልሳሉ። መደፈር ከደረሰ መጀመሪያ የምትሄጂው ሆስፒታል ነው፤ ፕሮንቶ ሶኮርሶ (ድንገተኛ ሕክምና) የሚለውን ምልክት ተከተይ። ሰውነትሽን ሳትታጠቢ፣ ልብስሽን ሳታጥቢ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። አገር ቤት እስክትደርሺ ዝም ካልሽ ያ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ያልቃል። ጸሐፊው «ቪዛሽ» እያሉ የሚያስፈራሯት ሴት የምታጣው ይህንን ነው።

ክስ ለመመሥረት ሕጉ 12 ወር ይሰጣታል። የዚያኑ ሌሊት መወሰን የለባትም፤ ግን ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ያኔ ከሌለ ቆይቶ አይገኝም። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እህትም ብትሆን ወረቀት ስለሌላት ብቻ ሐኪም ቤቱ ለፖሊስ አሳልፎ እንዲሰጣት ሕጉ አይፈቅድም። ይህን የማታውቅ ስንት እህት ደም እየፈሰሳት ቤት ተኝታ እንደነበር እኔና አብሬያቸው የምሄደው እናቶች እናውቃለን።

የጸሐፊውን አንድ ነገር ላመስግን፤ የጉዞ ኢንሹራንስ ወረቀትሽን አትጣይው ብለዋል፣ ልክ ናቸው። ለሸንገን ቪዛ የገዛሽው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ለኤምባሲው ብቻ ያቀረብሽው ወረቀት አይደለም፣ ታምመሽ ሆስፒታል ብትገቢ የሚከፍልልሽ እሱ ነው። የሚደወልበትን ቁጥር ከፓስፖርትሽ ፎቶ ጋር አስቀምጪ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለአክስቴ ልጅ አስቀድሜ ላክሁላት። ቀኑን ሙሉ መልስ የለም። ማታ ላይ ሦስት መልእክት ተከታትሎ ገባ። ትኬቱን አልመለሰችም። በካስትሮ ፕሬቶርዮ በኩል በራሷ ስም ክፍል ይዛለች፣ የሆቴሉን አድራሻ ለእናቷም ለእኔም ልካለች። ሦስተኛው «እትዬ፣ ነጠላ ስንት ልያዝ?» ይላል። ሁለት አልኳት፤ አንዱ የእኔ፣ እዚህ ያለኝ ጥለቱ ለቋል።